ድር የማታደራው ሸረሪት

ውድ ተማሪዎች፣ ውድ ወላጆች፤

የዛሬው የተፈጥሮ ትምህርታችን የሚጀምረው በጫማ ነው። የማን ጫማ ቢባል፣ የእኔ የአስተማሪያችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ንባብ ላይ ሳለን አንዲት ሸረሪት በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ብቅ አለች። ጥቁር ናት፤ ጀርባዋ ላይ ደማቅ ቀይ አለባት። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ «ብላክ ዊዶ!» ብላ ጮኸች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ግማሹ ተማሪ ወንበር ላይ ወጣ፣ ግማሹ ወደ በሩ ሮጠ። እኔም እንደ ጀግና ጫማዬን አውልቄ ተነሣሁ።

ልመታት እጄን ሳነሣ፣ ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ፣ ክፍል ውስጥ ብዙም የማይናገር ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቆይ! አንተን እያየች ነው!» አለኝ። (በደንቡ «ይቆዩ፣ እርስዎን እያየች ነው» ማለት ነበረበት። ያረምኩት ግን ኋላ ነው።) እውነትም ታየኛለች። ጫማዬን ወደ ግራ ሳደርግ ፊቷን ወደ ግራ አዞረች። ወደ ቀኝ ሳደርግ ወደ ቀኝ ዞረች። ዓይን ለዓይን ከተያዩ በኋላ መምታት ያስቸግራል። ጫማዬን መልሼ አደረግሁና የሻይ ብርጭቆ ደፋንባት።

ያቺው የጮኸችው ተማሪ ቀስ ብላ ጠጋ አለችና በብርጭቆው ውስጥ አየቻት። «ጋሼ፣ ስሟ በአማርኛ ማን ነው?» አለችኝ። «ሸረሪት» አልኳት። «እሱንማ አውቃለሁ! የዚህችኛዋን ስም ነው የጠየቅሁት።» መልስ አልነበረኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ያልተዘጋ ሒሳብ ይዤ መተኛት አልወድም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሸረሪት ሁሉ ሸማኔ አይደለችም

ሸረሪት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ድር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፌርፋክስ ላይ በየሱቁ መስኮት የተሰቀለው ነጠላም ድር አለው። ሸማኔው በቁመት የዘረጋው ክር ድር ይባላል፤ በአግድም የሚያስገባው ደግሞ ማግ። አንድ ቃል ሸረሪትንና ሸማኔን አገናኘ ማለት ነው።

ነገር ግን በዓለም ላይ ስም ከወጣላቸው ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዓይነቶች ውስጥ ብዙ ሺዎቹ ምግባቸውን በድር አይዙም። አንዳንዶቹ እንደ ድመት አድብተው፣ አንዳንዶቹ ሮጠው ያድናሉ። ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ በዓይነት ብዛት ትልቁ ቤተሰብ የእነዚህ ነው፤ «ዘላይ ሸረሪቶች» እንበላቸው። ብቻቸውን ከ6,000 ዓይነት በላይ ናቸው። እንዲያውም በኤፕሪል 2022 የዓለም የሸረሪቶች መዝገብ 50,000 ሲሞላ፣ 50,000ኛ ሆና የተጻፈችው ከደቡብ አሜሪካ የተገኘች ዘላይ ሸረሪት ነበረች።

የእኛዋም ከዚሁ ቤተሰብ ናት። ሳይንቲስቶች ፊዲፐስ ጆንሰኒ ይሏታል። አገሯ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ነው። ስለዚህ እዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንግዶቹ እኛ ነን እንጂ እሷ አይደለችም። በ1883 ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ጽሑፍ የገለጿት ጆርጅና ኤልሳቤጥ ፔካም የሚባሉ የሚልዋኪ ከተማ ባልና ሚስት ናቸው። ጆርጅ ፔካም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

2. እንዴት እንለያታለን?

ሀ. እግር ቁጠሩ። ሸረሪት 8 እግር አላት። ዝንብ፣ ጉንዳንና ንብ ግን 6 ብቻ ነው ያላቸው። ስድስት ከሆነ ሸረሪት አይደለም።

ለ. ዓይኖቿን እዩ። ዋናው ምልክት ይህ ነው። ዘላይ ሸረሪት 8 ዓይኖች አሏት፤ ፊቷ መሐል ላይ ያሉት ሁለቱ እንደ መኪና የፊት መብራት ትልልቅ ናቸው። በማጉያ መነጽር ብታዩአቸው ደስ ይላሉ። የቀሩት ስድስቱ ትንንሾች ሲሆኑ ከጎንና ከኋላ የሚንቀሳቀሰውን ይጠብቁላታል። ለዚህ ነው ከኋላዋ ሹልክ ብሎ መምጣት የሚያስቸግረው።

ሐ. ሰውነቷን እዩ። አጠር ያለች፣ ድብልብል፣ ጸጉራም ናት። ርዝመቷ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እግሮቿም አጫጭርና ወፍራሞች ናቸው።

መ. ቀለሟን እዩ። የወንዱ ሆድ ከላይ በኩል ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። የሴቷ ግን ቀዩ መሐል ለመሐል ጥቁር መስመር አለበት። የእኛዋ መስመር ነበራት፤ ስለዚህ «እሷ» ያልናት በትክክል ነው። መንጋጋዋ ላይ ደግሞ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ቀለም አለ።

ሠ. ጠባይዋን እዩ። ሌሎቹ ሸረሪቶች ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ። ይህችኛዋ ቆም ትላለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ታያችኋለች። ቆይታ ደግሞ ትዘላለች።

3. ከብላክ ዊዶ በምን ትለያለች?

ይህን ክፍል ወላጆችም ልብ ብላችሁ አንብቡት። ብላክ ዊዶ (ጥቁሯ መበለት እንበላት) ሎስ አንጀለስ ውስጥ በእርግጥ አለች፤ መርዟም አደገኛ ነው። ተማሪያችን መጮኋ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላይ ፈረድኩ። ልዩነታቸው ይኸውላችሁ።

ቀዩ የት ነው? የጥቁሯ መበለት ቀይ ምልክት ያለው ከሆዷ ሥር ነው። ቅርጹም ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ይመስላል። የእኛዋ ቀይ ግን ከላይ፣ ጀርባዋ ላይ ነው።

ጸጉር አላት? ጥቁሯ መበለት እንደ ተወለወለ ጫማ ለስላሳና አብረቅራቂ ናት። የእኛዋ እንደ ድመት ጸጉራም ናት።

እግሯስ? የጥቁሯ መበለት እግር ረጅምና ቀጭን ነው። የእኛዋ አጭር ነው።

ድር አላት? ጥቁሯ መበለት ቅጥ የሌለው ግን ጠንካራ ድር ሠርታ በላዩ ተዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ጋራዥ ጥግ፣ የተከመረ እንጨት ውስጥ፣ ከጓሮ ወንበር ሥር ትገኛለች። የእኛዋ ድር የላትም፤ ግድግዳና አጥር ላይ በቀን ትዞራለች።

ደንባችን እንግዲህ ይህ ነው፦ የማታውቁትን ሸረሪት በባዶ እጅ አትንኩ፤ ስላላወቃችሁት ብቻም አትግደሉ። ትልቅ ሰው ጥሩና አብራችሁ እዩ።

4. እንዴት ታድናለች?

አንድ ዝንብ አጥር ላይ አረፈ እንበል። ሸረሪቷ በጎን ዓይኖቿ እንቅስቃሴውን ታያለች። ወዲያው ዞር ብላ በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቿ ታተኩርበታለች። የዓይኗ መስተዋት እንደ እኛ ዓይን አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ከኋላው ያለው፣ ምስሉን የሚቀበለው የዓይኗ ክፍል ነው። በማጉያ መነጽር ስታዩአት የዓይኗ ቀለም ከጥቁር ወደ ቡናማ የሚለዋወጥ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለች ትጠጋለች። ልትዘል ስትል መጀመሪያ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? ከሆዷ ጫፍ የምታወጣውን ቀጭን የሐር ክር የቆመችበት ቦታ ላይ ታጣብቃለች። ብትስት እንኳ ወድቃ አትቀርም፤ በክሯ ተንጠልጥላ ተመልሳ ትወጣለች። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ይህን ጥንቃቄዋን በጣም ወድጄላታለሁ። መጀመሪያ ዋስትና፣ ከዚያ ዝላይ!

ዝላዩስ ከየት መጣ? እንደ ፌንጣ ትልልቅ የእግር ጡንቻ የላትም። ሰውነቷን ጨምቃ ደሟን በግፊት ወደ ኋላ እግሮቿ ትልካለች፤ እግሮቿም ቀጥ ይላሉ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ አስቡ። ውኃው ሲዘጋ ይታጠፋል፤ ውኃው ሲከፈት ደግሞ ቀጥ ይላል። እንደዚያ ነው።

ልብ በሉ፤ ድር አታደራም ማለት ክር የላትም ማለት አይደለም። ማታ የምትተኛው ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ሥር በሐር በሠራችው ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። እንቁላሏንም የምትጥለው እዚያው ነው። ክሩን ለወጥመድ ሳይሆን ለቤትና ለገመድ ታውለዋለች።

ሳልረሳው፣ ሌላም ድር አልባ አዳኝ በጓሯችሁ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ተኩላ ሸረሪት ትባላለች። እሷ መሬት ለመሬት ሮጣ ነው የምታድነው። እንቁላሎቿን በሐር ከረጢት ጠቅልላ ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች። ሲፈለፈሉ ደግሞ ልጆቿን በጀርባዋ ታዝላቸዋለች። አንቀልባ እንኳ አያስፈልጋትም!

5. የቋንቋ ማዕዘን፦ ሁለቱ «ታድናለች»

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ሸረሪቷ ዝንብ ታድናለች።
ሐኪሟ በሽተኛ ታድናለች።

አጻጻፉ አንድ ነው፤ ንባቡ ግን ይለያል። በመጀመሪያው «ድ» ጠብቃ ትነበባለች፤ ግሡ «አደነ» ነው፤ ማደን። በሁለተኛው «ድ» ላልታ ትነበባለች፤ ግሡ «አዳነ» ነው፤ ማዳን። ሁለቱም «አዳኝ» የሚል ስም ያወጣሉ። ልዩነቱን ፊደላችን አያሳይም፤ የሚያስተምራችሁ የወላጆቻችሁ አፍ ነው። እማዬ ወይም አባዬ ሁለቱን እንዲያነቡላችሁ ጠይቁና አዳምጡ።

6. ጠፈር የሄደችው ሸረሪት

አንድ የእስክንድርያ ግብፃዊ ተማሪ ጥያቄ አነሣ። ዘላይ ሸረሪት ክብደት በሌለበት ቦታ ማደን ትችላለች ወይ? እዚህ ምድር ላይ ስትዘል መልሳ ትወርዳለች። ጠፈር ላይ ግን ብትዘል ተንሳፋ ነው የምትቀረው። ጥያቄው በዓለም አቀፍ የተማሪዎች ውድድር አሸነፈና አንዲት ሸረሪት በጁላይ 2012 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተላከች። ስሟ ኔፈርቲቲ ነበር። ዓይነቷስ? ፊዲፐስ ጆንሰኒ! መስኮታችን ላይ የወጣችው ዓይነት።

ኔፈርቲቲ 100 ቀን ገደማ ጠፈር ላይ ቆየች። መዝለሉ እንደማያዋጣ ገብቷት ዝንቦቹን ቀስ ብላ ተጠግታ መያዝ ተማረች። በኦክቶበር ወደ ምድር ስትመለስ ደግሞ እንደገና መዝለል ጀመረች። ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጥቂት ቀን ለሕዝብ ታይታ በዲሴምበር 2012 ዕድሜዋ ሞልቶ ሞተች። እንግዲህ እኔ በጫማ ልመታት የነበረችው የጠፈርተኛ ዘመድ ናት።

7. በእኛ በኩልስ?

ዘላይ ሸረሪት ኢትዮጵያ ውስጥም ሞልቷል። በ2008 ፖላንዳውያን ተመራማሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች ጽሑፍ ያሳተሙ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በሳይንስ ስም ያልነበራቸው ዓይነቶችም ነበሩበት። በጎረቤታችን ኬንያና በዩጋንዳ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ደግሞ ኢቫርካ ኩሊሲቮራ የምትባል ዘላይ ሸረሪት አለች። ምግቧን ስትመርጥ የሚገርም ነው፤ ደም የጠጣች ትንኝ ትወዳለች። ከትንኞችም ወባ የምታስተላልፈዋን አኖፊለስን ታስበልጣለች። ትንኝን ታድናለች (ድ ጠብቆ)፤ ሰውንም ታድናለች (ድ ላልቶ) ለማለት ግን ጊዜው ገና ነው።

ከአፍሪካ ተነሥታ በመርከብና በዕቃ ዓለምን የዞረችም አለች፤ ግራጫ ናት፣ የቤት ግድግዳ ትወዳለች። ዛሬ ካሊፎርኒያን ጨምሮ በብዙ ሞቃት አገሮች ትኖራለች። እንደ እኛ ማለት ነው።

8. ስም ማውጣት

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ ልመለስ። «የዚህችኛዋ ስም በአማርኛ ማን ነው?»

እኔ አዲስ አበባ ስንኖር ድር ያላትንም የሌላትንም «ሸረሪት» ብለን ነበር የምናልፈው። ልጆቻችን ግን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ውለው ይመጣሉ፤ እዚያ ለእያንዳንዷ ሸረሪት ስም አለ። አማርኛው «ሸረሪት» ብቻ ብሎ ከቆመ፣ ልጁ አማርኛ ለሰላምታና ለወጥ ብቻ የተሠራ ቋንቋ ይመስለዋል። ይህ ነው ያሳሰበኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያስነበበኝም ይኸው ነው።

የምንማርበት ሰፈር ራሱ ስሙን ያገኘው በቅርብ ነው። ምግብ ቤቶቹና ሱቆቹ ፌርፋክስ ላይ አስቀድመው ነበሩ፤ የከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ግን በ2002 ነው። በዚያው ዓመት የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የከተማውን ሸረሪቶች መመዝገብ ጀመረ። የሠራውም ብቻውን አልነበረም። ነዋሪውን «በየቤታችሁና በየጓሯችሁ ያገኛችሁትን ሸረሪት አምጡልን» ብሎ ጠየቀ፤ ልጆችም ትልልቆችም እየያዙ ላኩ። መዝገብ እንዲህ ይሞላል፤ አንድ ሰው አይሞላውም።

እኛም የራሳችንን መዝገብ እንጀምር። ለጊዜው እኔ «ቀይ ጀርባ ዘላይ» ብያታለሁ። የተሻለ ስም ያለው ያምጣ።

ለወላጆች

ዘላይ ሸረሪት ሰው አትፈልግም። የምትነክሰው ስትጨመቅ ወይም ስትያዝ ነው፤ ብትነክስም ለጊዜው ያማል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለክፉ አይሰጥም። ቤት ከገባች ብርጭቆ ደፍታችሁ፣ ከሥር ወፍራም ወረቀት አንሸራትታችሁ ወደ ውጭ አውጧት። ልጆቻችሁ እያዩ ብታደርጉት ጥሩ ነው። ጥቁሯ መበለት ነክሳለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን አትዘግዩ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለምክር በ1-800-222-1222 የመርዝ ጉዳይ አማካሪዎችን በማንኛውም ሰዓት ማግኘት ይቻላል። ጋራዥ ውስጥ የቆየ ጫማና ጓንትም ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉ።

አዳዲስ ቃላት

ማድራት፦ ሸረሪት ድር ስትሠራ።
ማድባት፦ ተደብቆ፣ ቀስ ብሎ መጠባበቅ።
መንጋጋ፦ የአፍ መንከሻ ክፍል።
ዘላይ፦ የሚዘል። (ዘለለ፣ ይዘላል፣ ዝላይ፣ ዘላይ)
መሰየም፦ ስም ማውጣት።

ጥያቄዎች

1. ዘላይ ሸረሪትን ከሌሎች ሸረሪቶች የሚለያት ዋና ምልክት ምንድን ነው?
2. የጥቁሯ መበለት ቀይ ምልክት ከላይ ነው ከሥር?
3. ሸረሪቷ ከመዝለሏ በፊት ክር የምታጣብቀው ለምንድን ነው?
4. ኔፈርቲቲ ጠፈር ላይ አስተዳደኗን እንዴት ለወጠች?

የቤት ሥራ

አንደኛ፦ ከወላጅ ጋር ሆናችሁ ጓሮ ወይም አጥር ላይ አንድ ሸረሪት ፈልጉ። አትንኳት፤ እዩአትና ሣሉ። እግሯን ቁጠሩ፣ ድር እንዳላትና እንደሌላት ጻፉ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጨምሩበት።

ሁለተኛ፦ አገር ቤት ላሉ አያታችሁ ወይም አክስታችሁ ደውሉ። «እናንተ አካባቢ ድር የማትሠራው፣ ግድግዳ ላይ የምትዘለው ትንሽ ሸረሪት ምን ትባላለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት በጎጃም፣ በወሎ፣ በጎንደር ወይም በሸዋ እኛ ያልሰማነው ስም ይኖር ይሆናል። የሰማችሁትን እንደሰማችሁት ጻፉት። ስም ካልተገኘ እናንተ አውጡላት፤ ለምን እንደመረጣችሁትም አስረዱ።

የእኛዋን ሸረሪት ምን አደረጋችኋት ለምትሉኝ፣ ትምህርት ሲያልቅ ሁላችንም ተያይዘን ወጣንና ብርጭቆውን ከአጥሩ ሥር ከፈትነው። አልሮጠችም። መጀመሪያ ዞር ብላ አየችን። ከዚያ ክሯን አጣበቀችና ዘለለች። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ «ደኅና ሁኚ» አላት። እኔም ጫማዬን አሥሬ ወደ ክፍል ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሞቹን ይዛችሁ ኑ። ደኅና ሰንብቱ።

አስተማሪያችሁ